ቅዳሜ ከሰዓት ውጭ

ሰው የሚዋደደው ፊት ለፊት ተያይቶ ነው የሚል ካለ ይህችን ልጅ አያውቃትም ማለት ነው። እሷ የወደደችው በስልክ ነው፤ ያውም በሽተኛ ብቻ በሚደውልበት ስልክ።

አባቷ ዶክተር ናቸው። ግቢያቸው ለሁለት ተከፍሏል፤ ከፊት ለመንገዱ ክሊኒኩ፣ ከኋላ መኖሪያቸው። ክሊኒኩ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ይሠራል። በሥራ ሰዓት እሷ ከካርድ ክፍሉ መስታወት ኋላ ተቀምጣ ቁጥር ስትሰጥ፣ ካርድ ስታወጣ፣ "ተራዎን ይጠብቁ እንጂ እማማ" ስትል ትውላለች። አሥራ አንድ ሲሞላ የግቢው በር ይዘጋል፣ የደወሉ ሽቦ ይነቀላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚናገረው በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ነው። "ከሰዓት ውጭ ለሚያጋጥም ሕመም በዚህ ቁጥር ይደውሉ" ይላል።

ስልኩ ያለው ሳሎን ውስጥ፣ ከዶክተሩ ወንበር አጠገብ ነው። የምታነሳው እሷ ናት። "ከሰዓት ውጭ አገልግሎት፣ ማን ልበል?" ትልና ሦስት ጥያቄ ትጠይቃለች። ትንፋሽ ያጥረዋል? ደም ይፈሰዋል? ሰው ያውቃል? ከሦስቱ አንዱ ካስጠረጠረ አባቷ ቦርሳቸውን አንስተው ይወጣሉ፤ ካልሆነ "ጠዋት ካርድ አውጡ" ነው መልሱ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያ ስልክ ጮኾ ሳይነሳ የቀረበት ቀን የለም። ዶክተሩ በሌላ በምንም አይኩራሩም፤ በዚህች ግን ይኩራራሉ።

እሱ ደግሞ ብረት በያጅ ነው። ሰፈሩ ስሙን ትቶ "ብልጭታ" ይለዋል። መጀመሪያ የደወለው የዛሬ ዓመት ገደማ ነው።

"ከሰዓት ውጭ አገልግሎት፣ ማን ልበል?"

"እናቴ ናት። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት።"

"ትንፋሽ ያጥራቸዋል?"

"እሷንስ አላጠራትም፤ እኔን ነው።"

ሳቀች። በበሽተኛ ስልክ ስትስቅ ያ የመጀመሪያዋ ነው። አባቷ ከጋዜጣቸው በላይ ቀና ብለው ስላዩዋት ሳቋን በሳል ቀየረችው፤ እዚያው ላይ ግን አንድ ነገር ተነካክቶ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ትዋጥ ብሎ ደወለ፤ ጨው ቀንሱ ያላችሁት ምን ያህል ነው ብሎ ደወለ፤ በመጨረሻ ሰበብ አልቆበት ዝም ብሎ ደወለ። ቀን በመስታወቱ ቀዳዳ ሲተያዩ እሱ ተራ ቁጥር አሥራ አራት ነው፣ እሷ የዶክተሩ ልጅ። "በሥራ ሰዓት አላውቅሽም" ይላት ነበር፤ "አንቺ ከሰዓት ውጭ ነሽ።" ይህችን ቃል ስሟ አደረጋት። ደህና አመሸሽ ለማለት "እንዴት ነሽ ከሰዓት ውጭ?" ነበር የሚላት፤ ቃሉ ከሰሌዳው ወርዶ የሁለቱ የብቻ ቃል ሆነ።

ምልክትም ነበራቸው። ሁለት ጊዜ አስጠርቶ ይዘጋል፤ መልሶ ሲደውል እሱ መሆኑን አውቃ ከአባቷ እጅ ቀድማ ታነሳለች። ዶክተሩ ስልኩ ሁለቴ ጮኾ ዝም ሲል "ዛሬም የተሳሳተ ቁጥር" ብለው ጋዜጣቸውን ይገልጣሉ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሁለቱ ማንም አላወቀብንም ሲሉ ሰፈሩ አውርቶ ጨርሶ ሌላ ወሬ ጀምሯል። ወሬው ዶክተሩም ዘንድ ደረሰ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣

"ልጄ፣ ለዚያ ሰው ያዘዝኩት የግቢ በር ነው" አሏት። "በሩን አሳምሮ ሠራልኝ፤ ዋጋውንም ከፈልኩ። ልጄን ግን አላዘዝኩለትም።"

ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተነፈሱም። እሷም ሆድ ይፍጀው አለች፤ ማታ ማታ ግን ስልኩን የምታየው እንደ ዘመድ ነበር።

የብልጭታ እናት ሕመማቸው የልብ ነው። ሰፈርተኛው ሁሉ እማማ ይላቸዋል። አቀበቱን እየቆሙ ነበር የሚወጡት፤ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ስለ ራሳቸው ሳይሆን ስለሷ ይጠይቃሉ። "አንቺ ልጅ፣ ከስተሻል። ይሄ መስታወት ነው የሚመጥሽ" ይሏታል። አንድ ቀን እጃቸውን በቀዳዳው አሾልከው ጣቷን ያዝ አድርገው ለቀቋት። እሷ ግን ያን ቀን ቁጥር ስትሰጥ ሁለት ሰው ላይ ተሳሳተች።

የልብ ሐኪም ወደ ክሊኒኩ የሚመጣው በወር አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ከሰዓት ከስምንት እስከ አሥር። ዝርዝሩ ለሁለት ወር ሞልቷል። አባቷን ለመነች። "ዝርዝር ዝርዝር ነው" አሉ ዶክተሩ፤ "ለአንድ ካፈረስኩት ለሁሉም አፈረስኩት። ደግሞስ ለማን እንደምትለምኚ የማላውቅ መሰለሽ?" አንገቷን ደፍታ ወጣች። ተስፋ ግን አልቆረጠችም። የልብ ሐኪሙ የአባቷ የትምህርት ቤት ጓደኛ ናቸው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ጋሼ ትላቸዋለች። ደውላ እግራቸው ላይ የወደቀች ያህል ለመነቻቸው።

"እሺ በቃ" አሉ ጋሼ፤ "ስምንት ሰዓት ሳይሞላ በር ላይ ይዘሻቸው ቁሚ። ከመኪናዬ ስወርድ እጃቸውን ይዤ እገባለሁ። አባትሽ ከጠየቀኝ አክስቴ ናቸው እለዋለሁ።"

ሐሙስ ዕለት ብልጭታ የእናቱን የመድኃኒት ማዘዣ ሊወስድ መጣ። መስኮቱ ላይ ሲቆም አባቷ ከጀርባዋ ከመደርደሪያው ካርድ ይፈልጋሉ። መናገር አይቻልም። ከማዘዣው ጥግ አውራ ጣት የምታህል ወረቀት ቀደደችና እንዲህ ብላ ጻፈች፤ "ቅዳሜ ከሰዓት ውጭ እጠብቅሃለሁ። እማማን ይዘሃቸው ና።" አጥፋ ከማዘዣው ሥር አሾለከችለት። አንብቦ ቀና አለ። ተያዩ። ዐይኑ ሳቀ፤ እሷም በዐይኗ የቀረውን ሁሉ የነገረችው መሰላት፤ ሲወጣ በጀርባው እያየችው ደስታዋን የምታስቀምጥበት አጣች።

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነርሷን መስኮቱ ላይ ተክታ ውጭ፣ ከበሩ ፊት ቆመች። ፀጉሯን ከፍ አድርጋ አስራለች። ስምንት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጋሼ ደረሱ።

"የታሉ?"

"አሁን ይደርሳሉ ጋሼ። ዳገቱ ነው የያዛቸው።"

ስምንት ተኩል ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ መንገዱን እያየች፣ አሮጊትና ጎልማሳ አብረው ብቅ ባሉ ቁጥር ልቧ ቀድሟት እየሄደ ቆመች። ጋሼ በበሽተኛና በበሽተኛ መካከል ሁለት ጊዜ ብቅ ብለው አይተው ተመለሱ። በሁለተኛው ምንም አልጠየቋትም፤ አለመጠየቃቸው ባሰባት። ከበሩ ማዶ ሱቅ አለ፤ ባለሱቁ በርጩማ አውጥቶ "ቁጭ በይ እንጂ የዶክተሩ ልጅ" አላት። እምቢ አለች። ተቀምጦ የሚጠበቅ ሰው ይቀራል ብላ ፈርታ።

አሥር ሰዓት ላይ ጋሼ ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ። "ልጄ፣ እኔ የማየው ልብ የታመመውን ነው" አሏት ትከሻዋን መታ አድርገው፤ "በሰው ምክንያት የሚታመመውን አላውቅበትም። ግቢ፣ ፀሐይ መታሽ።" መኪናቸው ሲሄድ አቧራው ጫማዋ ላይ አረፈ።

ገብታ ፀጉሯን ፈታች። ምን ሆኖ እንደቀረ አሰበች። ሥራ በዝቶበት ነው? ለእናቱ? ኮርቶ ነው? ውለታ መቀበል አሳፍሮት? ወይስ መጀመሪያውኑ ቀልዶ ነው፣ የስልክ ጨዋታ ለስልክ ብቻ? እሱ እንዲህ ያደርጋል ማለት አልቻለችም፤ አላደረገም ማለትም አልቻለችም። ውጭ ቆማ ያየቻት ሰው ሁሉ አሁንም እያያት መሰላት፤ ያፈረችው ሀፍረት ቀስ እያለ ወደ ንዴት ዞረ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አባትና ልጅ ሻይ ይጠጣሉ። ክሊኒኩ ተዘግቷል። የዶክተሩ ቦርሳ እንደ ወትሮው ከወንበራቸው ሥር ነው።

ስልኩ ጮኸ። ሁለቴ። ዝም አለ።

ቀጥሎ መልሶ ጮኸ። አልተነሳችም። አሁን ነው ትዝ ያልኩት? አለች በልቧ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ አቁሞኝ አሁን በስልክ ሊያስቀኝ? ይጥራ። እሱም መጠበቅን ይቅመሳት።

"አይነሳም እንዴ?" አሉ ዶክተሩ።

"የተሳሳተ ቁጥር ነው አባዬ። አልሰማኸውም፣ ሁለቴ ጠርቶ ሲዘጋ?"

ዶክተሩ ጋዜጣቸውን ገለጡ። ስልኩ ዝም አለ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ሁለቴ፤ ዝም፤ ከዚያ ረጅም ጥሪ። ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ። ሦስተኛው ላይ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ደስ ብሏታል። ተፈላጊ ሆና፣ ፊቷን አዙራ፣ ሻይዋን ቀስ ብላ ጠጣች። የሚያኮርፍ ልጅ ምሳው ራት ይሆነዋል ይባላል፤ የሷ ኩርፊያ ግን የበላው የራሷን ምሳ አልነበረም። አራተኛውን ጠበቀች። አልመጣም። አለመምጣቱ ትንሽ ከፋት።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ አባቷ ወደ ካርድ ክፍሉ ገብተው የእማማን ካርድ ጠየቁ።

"ሆስፒታል ናቸው። ልጃቸው ትናንት ጎሕ ሲቀድ በታክሲ አድርሷቸዋል። የምሰጣቸውን መድኃኒት አንብብልን ብለው ሐኪሞቹ ደውለውልኛል።"

ካርዱን ከመደርደሪያው አውጥታ ሰጠቻቸው፤ ገና አልገባትም። የገባት ማክሰኞ ማታ ነው። ዶክተሩ ከውጭ ገብተው እጃቸውን እየታጠቡ፣ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ነገሯት።

"ዐረፉ። ሳንባቸውን ውኃ ሞላው። ይህ በአንድ ሰዓት የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ቅዳሜውኑ ጀምሯቸዋል። ቅዳሜ ማታ አንድ መርፌ የሚወጋቸው ሰው ቢገኝ ያን ውኃ ያወርድላቸው ነበር።" ፎጣውን አነሱ። "ግን ምን ይደረጋል፤ አልደወሉም።"

አልደወሉም። ዶክተሩ ይህን ብለው ራታቸውን ሊበሉ ተቀመጡ። እሷ ግን ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ተደውሎ ነበር ልትላቸው ይገባል። እንዴት አድርጋ ትጀምረዋለች? ለቅሶውም ላይ አልሄደችም። በየትኛው ፊቷ?

እማማ ባረፉ በዘጠነኛው ቀን መጣ።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነበር፤ ክሊኒኩ ለምሳ ሲዘጋ አዳራሹ ባዶ ይሆናል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ብቻ ቀርታ ነበር፣ እሷም ወጣች። ብልጭታ መስታወቱ ፊት ቆመ። ከስቷል። የሸሚዙ አንገትጌ ሰፍቶታል። በቀዳዳው በኩል የእናቱን የክሊኒክ መታወቂያ ካርድ አስገባላት።

"ልመልስ ብዬ ነው። የሰው ዕቃ ይዞ መቆየት አትወድም ነበር።"

ተነስታ የጎኑን በር ከፈተችለት። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። መደርደሪያዎቹ መካከል፣ በሺህ የሚቆጠር የታማሚ ስም በተደረደረበት ቆመና በመስታወቱ ወደ ውጭ አየ።

"ከዚህ ሲያዩት አዳራሹ ትንሽ ነው" አለ።

"ለቅሶ አልመጣሁም" አለች። "ልመጣ... አልቻልኩም።"

"አውቃለሁ። አልተቀየምኩሽም።" ወደሷ ዞረ። "ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያሰብኩትን ልንገርሽና ከዚያ ያሰኘሽን በይኝ። ሌላ ከተማ ፋብሪካ እየተሠራ ነው። የበሩና የመስኮቱ ብረት ሥራ የሁለት ዓመት ሥራ ነው፣ ሰጥተውኛል። ቅዳሜ እሄዳለሁ። እናቴ አለች ብዬ ነበር እምቢ ስል የኖርኩት፤ አሁን የሚይዘኝ የለም። ካንቺ በቀር። አብረን እንሂድ። አባትሽን እኔ አነጋግራለሁ። ቢያባርሩኝም በሠራሁት በር ነው የምወጣው።"

ይህን ቃል ዓመት ሙሉ ጠብቃው ነበር። ዛሬ ሲመጣ እንደ ጥፊ አረፈባት። ፊቷን በእጇ ያዘች።

"ያን ቅዳሜ ጠብቄህ ነበር" አለች። ከሁሉ ነገር ቀድሞ ይህ ወጣ። "ለምን ቀረህ? ውጭ ቆሜ ከሰባት ተኩል እስከ አሥር ጠበቅሁህ። የልብ ሐኪሙን ለምኜ አስጨንቄ ቦታ ይዤላቸው ነበር።"

"አሥር?" አለ። "እኛ እኮ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው በሩ ላይ የደረስነው። ልክ እንዳልሽው።"

"እኔ መች አሥራ አንድ ሰዓት አልኩህ?"

ከደረት ኪሱ ያችን ወረቀት አወጣ። በላብ ለስልሳለች። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጣቱ አሳያት። ቅዳሜ ከሰዓት ውጭ እጠብቅሃለሁ።

አነበበችው። ደግማ አነበበችው። እሷ ልትል የፈለገችው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ውጭ እጠብቅሃለሁ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ፣ በር ላይ፣ ውጭ። እሱ ያነበበው ሌላ ነው። እሱ ያነበበው የሰሌዳውን ቃል ነው፣ ከክሊኒኩ ሰዓት ውጭ፤ እሱ ያነበበው ስሟን ነው። አባቷ ከጀርባዋ ቆመው ስለነበር ተቻኩላ አንዲት ነጠላ ሰረዝ አላደረገችም።

"ውይ" አለች፤ "ውይ፣ ውይ፣ ውይ።"

ለእሱም ቀስ ብሎ ገባው። ወንበሩን ስቦ ቁጭ አለ።

"እማዬ ብላኛለች" አለ ድምፁ ተሰባብሮ። "ሐሙስ ማታ አንብቤላት፣ 'ከሰዓት ማለቷ ይሆናል፣ በጊዜ እንሂድ' አለችኝ። እኔ ነኝ የሳቅሁባት። 'እማዬ፣ ይሄ የኛ ቃል ነው፣ አንቺ አታውቂውም' አልኳት።" መዳፉን ዐይኑ ላይ ጫነ። "የኛ ቃል! ደግሞ እኮ ቀኑን ሙሉ ተጨንቃ፣ ነጠላ ጫማ በእግሯ አልገባ ብሎ፣ ቁጭ ብላ አሥራ አንድ እስኪሆን ጠበቀች። እኔ ገደልኳት።"

"እንዲህ አትበል!"

"ምን ልበል ታዲያ? እንደኔ ያለ ደደብ..."

ትከሻውን ያዘችው። ያኔ እጇን ይዞ ግንባሩ ላይ አስደገፈና ለረጅም ጊዜ እንዲያ ሆነ። ከዚያ ራሱ ሊያጽናናት ጀመረ፤ ሊያጽናናት! "አንቺ ምን አደረግሽ? ምንም። አንቺማ ፀሐይ ላይ ቆምሽላት። እኔም ብሳሳት፣ አባትሽ ያን ስልክ ባይነቅሉት ኖሮ ይደረስላት ነበር። ይቅር ብያቸዋለሁ። ወሬያችንን ሰምተው ነው የነቀሉት፣ አባት ናቸው። እናቴ በሱቁ ስልክ ሦስት ጊዜ ደውላ ሳይነሳ ሲቀር ገባኝ።"

እጇ እጁ ውስጥ ደረቀ።

"እናትህ ናቸው የደወሉት?"

"እኔ በሩን ባንኳኳ መልስ ሳጣ፣ በጓሮ በኩል የሚሰማ ሰው ካለ ብዬ እየዞርኩ ነበር። እሷ ባለሱቁ በርጩማ ሰጥቷት ተቀምጣ ነበር። ትንፋሿ ማጠር ሲጀምር ምልክቱን አስተማርኳት። 'ሁለቴ አስጠርተሽ ዝጊው፣ ከዚያ ደውዪ፤ እኔ መስያት ቶሎ ታነሳለች' አልኳት። ሦስት ጊዜ ሞክራ ስመለስ ስልኩን አስቀምጣ ነበር። 'ልጅቷ ደክሟት ይሆናል፣ አታስቸግራት፤ ሰኞ ካርድ እናወጣለን' አለችኝ። ባለሱቁ እንኳ 'አንዴ ይድገሙት' ቢላት እምቢ አለች።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማድረግ ብቻ ይበቃት ነበር። ራሷን ነቅነቅ ማድረግ። አዎ፣ አባዬ ነቅሎት ነበር ማለት። ማን ያጋልጣታል? ዶክተሩ የሚያውቁት የተሳሳተ ቁጥር ነው። እሱ የሚያውቀው የተነቀለ ስልክ ነው። በነዚህ በሁለት ውሸቶች መካከል ገብታ ቅዳሜ አውቶቡስ ላይ ተሳፍራ፣ ዕድሜዋን ሙሉ እሱ አጠገብ ተኝታ መነሳት ትችላለች። ፈለገችው። እግዜር ያውቃል፣ ያን ያህል ፈልጋ የምታውቀው ነገር የለም። ስለ እናቱ ባሰበ ቁጥር ደግሞ "እኔ ገደልኳት" እያለ ራሱን ሲበላ እያየች፣ ዝም ብላ ጀርባውን ስታሸው ታያት።

"ስልኩ አልተነቀለም" አለች።

ቀና አለ።

"ሳሎን ነበርኩ። እዚያው አጠገቡ። አባዬም ነበር፣ ቦርሳውም ከእግሩ ሥር። ሲጠራ ሰማሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ። አንተ መሰልከኝ። ተናድጄ ነበር፣ አኮረፍኩህ። አባዬ 'አይነሳም እንዴ?' አለኝ፤ 'የተሳሳተ ቁጥር ነው' አልኩት።" እንባዋ ሳይሆን ቃሏ ብቻ ነበር የሚወርደው፤ ማቆም አልቻለችም። "ሌላ ሰው ቢሆን አነሳ ነበር። የማላውቀው ሰው ቢደውል አንዴ ሳይጠራ አነሳ ነበር። በምልክታችን ስለተደወለ ነው። ምልክታችን ስለሆነ ነው ያላነሳሁት።"

እጇን ለቀቀ። ወርውሮ አልጣለም፤ የሚሰበር ነገር እንደሚቀመጥ ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ያ ነው የሰበራት። መንገድ ላይ መኪና ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ።

"ለምን ነገርሽኝ?" አለ።

የእማማን ካርድ ከጠረጴዛው ላይ ወደ ራሷ ሳበች።

"ለምን ነገርሽኝ? ማን ጠየቀሽ?" ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ የሚለምን ይመስል ነበር። "አንቺን ይዤ ልሄድ ነበር እኮ የመጣሁት። አባትሽ ነው ብዬ ጨርሼው፣ ይቅር ብዬ፣ ሸክሜን አውርጄ ነበር እኮ። ዝም ብትይኝ ምን ነበር?"

"ዝም ብል ዕድሜህን ሙሉ ያለ ጥፋትህ ብቻህን ትሸከመዋለህ" አለች። "እኔ ደግሞ አጠገብህ ተቀምጬ አይሃለሁ። እንዲያ አድርጌ ልወድህ አልችልም።"

ተነሳ። ወረቀቷን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ አጠፋት፤ ይቅደዳት ወይስ ይያዛት ሳያውቅ ቆመ፤ መልሶ ኪሱ ከተታት።

"እስካሁን አልጠላሁሽም" አላት። "ፈልጌ አጣሁት። ነገ ግን እንጃ። ነገ ከነገ ወዲያ እቤቷ ስገባ፣ ጫማዋን ሳይ፣ እንጃ። ስለዚህ ሳልጠላሽ ልሂድ። እባክሽ አትከተዪኝ፣ አትጻፊልኝ። ሳልጠላሽ ልሂድ።"

"እሺ" አለች።

በጎኑ በር ወጣ። አዳራሹን በዝግታ ሲያቋርጥ በመስታወቱ አየችው። ወደ መስኮቱ ዞሮ ያየኝ ይሆን ብላ እስትንፋሷን ይዛ ጠበቀች። አልዞረም። በሩ ተከፈተ፣ ብርሃን ገባ፣ በሩ ተዘጋ።

ቁጭ አለች። የእማማን ካርድ ወደ ደረቷ አስጠጋች። ታለቅሳለች ብላ ጠበቀች እንጂ አላለቀሰችም። ከማክሰኞ ጀምሮ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነስቶላታል፤ አየር እስከ ሆዷ ድረስ ገባላት። ብቻዋን ቀርታ፣ የምትወደውን ሰው በገዛ አፏ ሸኝታ፣ ቀለል አላት። ቀለል ስላላትም እጅግ አፈረች።